የድሮዋ ሐዋሳ ምሽት፣ በእናቴ የዱቤ ደብተር

ሐዋሳ ውስጥ አቅጣጫ የሚነገረው በሌለ ነገር ነው። «ድሮ ቪዲዮ ቤቱ የነበረበት ጋ ትታጠፊያለሽ፣ ከዚያ የተቃጠለው ሱቅ ፊት ለፊት።» ቪዲዮ ቤቱ ከጠፋ ቆየ። የተቃጠለው ሱቅ ፎቅ ሆኗል። የባጃጅ ሹፌሩ ግን ይገባዋል። ካልገባው ለከተማው አዲስ ነው ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ ይለምዳል።

በዓል ሲሆን አብሮ አደጎቼ እናቴ ቤት ይሰበሰባሉ። አዲስ አበባ የሚሠራ አለ፣ ከውጭ የሚመጣ አለ፣ ከሐዋሳ ወጥቶ ማደር የማይወድም አለ። ቡናው ቀርቦ አቦሉ ሲቀዳ ወሬው ወደ ድሮ ምሽት ይዞራል። የትኛው ቤት የት ነበር? ዲጄ መጀመሪያ ያመጣው የትኛው ነው? ያ በር ላይ ቀይ አምፖል የነበረው ቤትስ? አንዱ ከገብርኤል ወደ ሐይቅ ሲወረድ በስተቀኝ ነው ይላል። ሌላው በስተግራ ነው ብሎ ይምላል። ዘንድሮ ነገሩን ከፍ አድርገውት በስልካቸው ካርታ መሥራት ጀምረዋል። የድሮ ምሽት ቤቶች ካርታ።

ካርታውን ወድጄዋለሁ። ግን እነሱ ምልክት የሚያደርጉት ተቀምጠው የጠጡበትን ቦታ ነው። እኔ ደግሞ ያደግኩት ከባልኮኒው ወዲያ ነው። እናቴ መናኸሪያ አካባቢ ግሮሰሪ ነበራት። ከወዲያ በኩል ሲታይ ያው ምሽት ሌላ ምሽት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ከተማዋ ትንሽ ልበል፤ ለምን እንደዚህ በትዝታ እንደምንጣላ የሚያስረዳው እሱ ነው። ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዢ በነበሩበት ጊዜ ነው። ያኔ ዋናው ከተማ ይርጋለም ነበር። ቦታው ከዚያ በፊት የሲዳማ ከብት ግጦሽ ነው። አዳሬ የሚለው የቀድሞ ስሙ ዛሬም በሆስፒታሉ ላይ አለ። ጃንሆይ ሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥት አሠሩ። መንገዱ በፕላን ስለተቀደደ ሰፊና ቀጥ ያለ ሆነ። ከዚያ ሰው ከየአገሩ መጣ። ወታደሩ፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ። አረብ ሰፈር፣ ኮረም ሰፈር የሚሉት ስሞች መጤነታችንን ይናገራሉ። ስለዚህ የእኛ ከተማ ጥንት ገና በሕይወት አለ። የጎንደር ልጅ ስለ ጥንት ሲጠየቅ ስለ ፋሲል ግንብ ያወራል። የሐዋሳ ልጅ ጎረቤቱን ይጠራል። ጎረቤቱም መጥቶ «እንደሱ አልነበረም» ይላል፣ ክርክር ይጀመራል።

ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት ከተማው በእግር፣ በብስክሌትና በጋሪ ነበር የሚኖረው። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ይመቻል። የሌለው በሰዓት ይከራያል። ማታ መዝናናት ማለት ከፒያሳ ተነስቶ፣ በገብርኤል አድርጎ፣ ፍቅር ሐይቅ እስከሚባለው የሐይቁ ዳር ድረስ መውረድ ነው። ገንዘብ ያለው መንገድ ላይ ይቀራል። አንዱ ድራፍት ቤት ይይዘዋል፣ ሌላውን ቁርጥ ቤት፣ ኬክ የሚወደው ፒና ይገባል። የሌለው እስከ ውሃው ይሄዳል። ዘንባባው ሥር በቆሎ የሚጠብሱ እናቶች አሉ። ቆሎና ለውዝ የሚያዞሩ ልጆች አሉ። ሲጋራና ማስቲካ በካርቶን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አለ። የቤቶቹ በር ሁሉ ክፍት ነው። አንዱ ቤት ትዝታ ከፍቷል። አሥር እርምጃ ሳትሄጂ ጉራጊኛ ይቀበልሻል። ከዚያ ወላይትኛ። ከዚያ ሲዳምኛ። የ56 ብሔረሰቦች ክልል ዋና ከተማ ስለነበርን ባለ ካሴቱ ማንንም ማስቀየም አይፈልግም። ወላይትኛው ላይ ወገቡን የፈተሸ ሰው ወዲያው ጉራጊኛው ላይ መሬቱን ይደበድባል። ሐዋሳ ያደገ ሰው ሰርግ ላይ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ይችላል።

የቀኝና የግራ ክርክሩ የሚነሳው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

አሁን ወደ ግሮሰሪያችን ልግባ። ጠባብ ናት። ፊት ለፊት ባልኮኒ፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የእኛ አልጋ። የቤት ሥራዬን የምሠራው የቢራ ሳጥን ገልብጬ ነው። የቴፑ ካሴት ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ የማጠነጥነው እኔ ነኝ። ደንበኛው እናቴን «እትዬ» ይላታል፣ በዕድሜ የሚበልጣትም ሳይቀር። እትዬ መባል እዚያ ቤት ማዕረግ ነበር። እትዬ ካለ በኋላ ጠርሙስ የሚወረውር ሰው አላየሁም። ከማለቱ በፊት የሚወረውር ግን ነበር።

ጠርሙስ ካነሳሁ አይቀር፣ የግሮሰሪ ሚስጥሩ እዚያ ላይ ነው። ጠጪው ቢራውን ያያል። ባለቤቷ የምታየው ጠርሙሱን ነው። ባዶውን ካልመለስሽ አከፋፋዩ ሙሉውን አይሰጥሽም። የተሰበረ ጠርሙስ ማለት ቀጣይ ሳጥንሽ ጎደለ ማለት ነው። እናቴ ከምንም በላይ የምትጠላው «ይዤው ልውጣ፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል ሰው ነው። ሰካራም ስለ ፍቅሩ ሲያለቅስ አብራ ትተክዛለች፤ ዓይኗ ግን እጁ ላይ ያለው ጠርሙስ ላይ ነው።

ከዚያ የዱቤ ደብተሩ አለ። ወሩ ከተጋመሰ በኋላ ሐዋሳ በሙሉ በዱቤ ነበር የምትጠጣው ማለት ይቻላል። አስተማሪው፣ የጤና ጣቢያው፣ የመዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ ሁሉም ደመወዝ ጠባቂ ነው። እናቴ በስም አትጽፍም። ደብተሩ ሰው እጅ ቢገባ ሚስት እንዳታነበው ይመስለኛል። «ረጅሙ»፣ «ባለ ብስክሌቱ»፣ «አስተማሪው ትልቁ»፣ «አስተማሪው ትንሹ»፣ «የሚዘፍነው»። ከስሙ ትይዩ ጭረት። የከፈለ በቀይ ይሰረዛል። ደብተሩ ዛሬም ሳጥኗ ውስጥ አለ። ብዙ ቀይ አለበት። ያልተሰረዘም አለበት።

ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አልነበረም። ይሄ በካርታው ላይ አይታይም፤ ምልክቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጥብ ነው። ቦርዴ ቤት በጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት የሚያልቅ ቤት ነው። ቦርዴ ሲጠጡት ምሳም ስለሆነ የቀን ሠራተኛው እዚያ ነው። ጠጅ ቤት የትልልቅ ሰዎች ነው። ግሮሰሪ ቆመው ሁለት ጠጥተው የሚሄዱበት ነው፤ ማንም ግን ሁለት ላይ አይቆምም። ቡና ቤት ደግሞ አልጋ ያለው፣ ሴቶች ያሉት ነው። ከዚያ በላይ የመንግሥት ሆቴሎች ናቸው። ዋቢ ሸበሌ ሐይቁ ዳር፣ ዛፉ ላይ ጦጣና ጉሬዛ ያለው። እዚያ ልጅ ሆነን የምንገባው ለሰርግ ፎቶ ነው።

የቡና ወቅት ሲደርስ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ከተማው ይለወጣል። ከዲላ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከይርጋለም በኩል ጭነት መኪና ይመጣል። ሹፌርና ረዳት ገንዘብ ይዘው ያድራሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ገብርኤል አለ፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። አልጋ ይጠፋል። ሰው በየግቢው፣ በየበረንዳው፣ በየድንኳኑ ያድራል። እናቴ በዋዜማው ዋጋ አትጨምርም ነበር። ተሳልማ ስለምትሸጥ ይሆናል። ጎረቤቶቿ ይጨምራሉ። እነሱም ይሳለማሉ።

ሦስተኛው ወቅት አበል ነው። የደቡብ ክልል መቀመጫ ስለነበርን ስብሰባ አይጠፋም። ሥልጠና፣ ግምገማ፣ ወርክሾፕ። ከጂንካም፣ ከሚዛንም፣ ከሆሳዕናም ይመጣሉ። ቀን አዳራሽ ውስጥ ያንቀላፉ ሰዎች ማታ ይነቃሉ። የሐዋሳ ምሽት ያማረው በሐይቁ ነፋሻ አየር ነው የሚል ካለ አልቃወምም። እኔ ግን ግማሹን ለአበል እሰጣለሁ። ባለ አበል ሲጠጣ ደረሰኝ ይጠይቃል። «ደረሰኝ የሚፈልግ ሆቴል ይሂድ» ነበር የእናቴ መልስ።

ከግሮሰሪው በፊት እናቴ አስተናጋጅ ነበረች፣ በደርግ ጊዜ። ሰዓት እላፊ የነበረበት ዘመን ነው። ሰዓቱ ሲቃረብ ሁለት ምርጫ ነበር። ሮጦ ቤት መግባት፣ ወይም እዚያው ተዘግቶ ማደር። ጓደኞቼ ይሄን ከአባቶቻቸው ሰምተውታል። ሲያወሩት ጀብዱ ነው። በር ይቆለፋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ቴፑ ቀስ ይላል፣ እስኪነጋ ጨዋታ። አንዱ ባለፈው በዓል ይሄንን ሲተርክ እናቴ ቡና እየቀዳች ነበር።

«ለእነሱ ጨዋታ ነው» አለች። «እኛ ቆመን ነበር የምናድረው።»

አስተናጋጅ አይቀመጥማ። ደንበኛው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል። እሷ ግድግዳ ተደግፋ ትጠብቃለች። ሲነጋ እሱ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። እሷ ወለል ታጥባለች። ከዚህ በኋላ ጓደኛዬ ታሪኩን ጨርሷል፣ ግን ድምፁ ዝቅ አለ።

እንግዲህ ከባድ ወደሆነው ልምጣ፤ ብዙም አልቆይበትም። በካርታው ላይ ነጥብ የተደረገባቸው ቤቶች ውስጥ ሴቶች ይሠሩ ነበር። የቡና ቤት ሴቶች። ከየአገሩ መጥተው፣ ከእናታቸው የተሰጣቸውን ስም ቀይረው። ቀን ቀን ፀጉራቸውን ሊሠሩ፣ ቡና ሊጠጡ እኛ ቤት ይመጣሉ። ለእኔ ደብተርና እስክሪብቶ የገዙልኝ አሉ። በ1990ዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። «አገሯ ገባች» ይባላል። መጀመሪያ መክሳት፣ ከዚያ መቅረት፣ ከዚያ አገሯ ገባች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ለብዙዎቹ ዘግይቷል። ለሹፌሮቹም፣ ለአስተማሪዎቹም። «ያ ዘመን እንዴት ያምር ነበር» ሲባል እናቴ አትቃወምም። ተነስታ ከሰል ልትጨምር ትሄዳለች። እነዚያ ሴቶች በደብተሩ ላይ አሉ፣ እነሱ ብቻ በስማቸው የተጻፉ ናቸው። ያወጡት ስም ይሁን የተሰጣቸው፣ አላውቅም አትልም፣ አትነግረኝምም።

ሐይቁ ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል። የሚታይ መውጫ ግን የለውም። ዝናብ ሲበዛ ወደ ከተማው ይመጣል። ለዚህ ነው በዳሩ የአፈር ግድብ የተሠራለት። ጎርፍ ለመከላከል የተሠራው ግድብ የፍቅረኞች መንሸራሸሪያ ሆነ። ማዘጋጃ ቤት አስቦበት አይመስለኝም። እዚያ ላይ እጅ ለእጅ ያልተያያዘ የሐዋሳ ልጅ ካለ ወይ ዲያቆን ነበር ወይ ይዋሻል።

ጉማሬዎቹም አሉ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላሉ፣ ሲመሽ ሳር ሊግጡ ይወጣሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሰካራምና አንድ ጉማሬ ያለበት ታሪክ አለው። ሰውዬው ከቡና ቤት ወጥቶ ወደ ዳር ይሄዳል፣ በጨለማ በሬ የመሰለውን ነገር በዱላ ይመታል። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ተራኪው ይለያያል። ሰካራሙ ሁልጊዜ የሌላ ሰው አጎት ነው። ጉማሬ ቀልድ አይደለም፣ ሰው ይገድላል። ግን ታሪኩ ላይ ማንም አይሞትም።

ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን አመሻሽ ላይ ጥለው ንጋት ላይ ያወጣሉ። ለዚህ ነው የሐዋሳ ሌሊት አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ፣ የሚያልቀው። ሌሊቱን የጨረሰው ሰውና ቀኑን የሚጀምረው ሰው እዚያ ይገናኛሉ። አንዱ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሌላው እጁ በቅርፊት ተሸፍኗል። አባ ኮዳዎቹ፣ ትልልቆቹ ወፎች፣ በመሃል ተሰልፈው አንጀት ይጠብቃሉ። ቆሮሶው ይበለታል፣ አምባዛው ይገፈፋል። ለሰከረ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ከሚጥሚጣ ጋር። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ። እኔ ሾርባውን እመርጣለሁ። እናቴ ግሮሰሪውን ዘግታ አንዳንዴ ከዚያ ዓሣ ይዛ ትመጣለች፤ በተለይ በጾም፣ ሥጋ ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተው ዓሣ በሚወደድበት ሰሞን። ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ለቀሳውስቱ እተዋለሁ። የአሞራ ገደል ገበያ ግን መልሱን ወስኗል።

ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ምሽት አለ። 1996፣ ሐዋሳ ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳበት ዓመት። በ1999 ደግሞ ሁለተኛውን አነሳ፤ እንደ መጀመሪያው ግን አይሆንም። መኪና ጥሩምባ፣ የጋሪ ፈረስ በክር አጊጦ፣ ብስክሌት ላይ ሦስት ሰው። የማያውቁት ሰው ያቅፋል። ቀኝና ግራ የሚከራከሩት ጓደኞቼ እንኳ እዚህ ላይ ቃል በቃል አንድ ናቸው። እናቴም ታስታውሰዋለች። «ስንት ጠርሙስ ይዘው እንደወጡ!» ትላለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ነው የሄደው። ባጃጅ መጣ፣ ጋሪ ከመሃል ከተማ ወጣ። በ2002 ኃይሌ ሪዞርት ተከፈተ። ሌሎችም ተከተሉ፣ የሐይቁ ዳር በአጥር ተከፋፈለ። ውሃውን በነፃ ማየት ከፈለግሽ ፍቅር ሐይቅ ነው መሄድ ያለብሽ። በ2008 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች መጥተው አንድ ክፍል ለአራት ተከራዩ። ቀጥሎ የክልሉ ነገር መጣ። በ2012 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። የቀረው ደቡብም ተከፋፍሎ በ2015 ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ሠራተኛው ዕቃውን ጭኖ ተከተለ። አበሉም አብሮ ሄደ። ብዙ ቤቶች የተዘጉት በዚህ ነው። ጓደኞቼ «ወጣቱ መዝናናት አያውቅም» ይላሉ። ወጣቱ ምን አደረገ? ደንበኛው ነው ከከተማ የወጣው።

ስለ ጨለማውም ከእነሱ ጋር አልስማማም። «ያኔ መብራት እንኳ አልነበረም፣ በጨረቃ እንሄድ ነበር» ሲሉ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እኔ በዚያ ጨለማ ከመናኸሪያ ዱቤ ልጠይቅ ተልኬ አውቃለሁ። ኮቴ ስሰማ እሮጣለሁ። አሁን በኮሪደር ልማቱ መብራት ሲተከልና የእግረኛ መንገድ ሲሰፋ ሳይ ከፋብሪካ የሚመለሱትን ልጆች አስባለሁ። የድሮው ምሽት ውበት ይቅርባቸው፣ ቤታቸው በሰላም ይግቡ። የምናፍቀው ነገር ግን አለኝ፤ ክፍት በር። አሁን ላውንጁ በሩ ዝግ ነው፣ መስታወቱ ጥቁር ነው። መንገድ ላይ የሚሰማው የቤዝ ድብደባ ብቻ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ሙዚቃ መስማት አይችልም። ያኔ እስከ ሐይቁ ድረስ በነፃ ነበር።

ካርታውን በመጨረሻ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች። ስልኩን ራቅ አድርጋ ያዘች።

«የጠጅ ቤቷ ሴትዮ የታለች?»

የለችም። ነጥብ ተደረገላት።

«ቦርዴ ቤቶቹስ? ጠርሙስ የሚሰበስበው ልጅ ይተኛበት የነበረው በረንዳ? የወንበር አከራዩ?» አንድ በአንድ ገቡ። ቀኝ ነው ግራ ነው ወደሚባለው ቤት ደረሰች።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች። «መጀመሪያ በቀኝ ነበሩ። ኪራይ ሲጨመርባቸው ወደ ግራ ተሻገሩ።»

ስንት ዓመት የተጣሉበት ነገር በዚህ አለቀ። ትንሽ ከፍቷቸዋል።

ከዚያ ደብተሩን አስመጣችኝ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ቀይ ያልነካው ገጽ ነው። «የሚዘፍነው» ይላል። ግራ ነው ብሎ ይምል የነበረውን ጓደኛዬን ቀና ብላ አየችው።

«አባትህ ናቸው።»

ሳቅ ሆነ። ልጁ ስልኩን አወጣ፤ በቴሌብር ልላክልሽ እትዬ፣ በያኔው ዋጋ ነው በዛሬው? አላት። በዛሬው አለችው። ጭረቶቹን አብረው ቆጠሩ። ቢራዎቹን ተቀበለ። ከታች ግን «አንድ ጠርሙስ፣ የተሰበረ» የሚል አለ። እሱን አልከፍልም አለ፤ አባቴ ጠርሙስ የሚሰብር ሰው አልነበረም። እናቴ መሰበሩን በዓይኗ አይታለች። እኔ ቡናውን ለሦስተኛ ስቀዳ ገና እየተከራከሩ ነበር።